የጠዋቷ ኪኒንና የጾም ሰዓት፦ ከደባርቅ ዳባት ደርሶ መልስ

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከደባርቅ መናኸሪያ ተነሣሁ። የምሄደው ዳባት በልብስ ስፌት የምትተዳደረውን ልጄን የሺን ለማየት ነው። የሺ ባይፖላር የሚባል ሕመም አለባት። ሐኪሙ ሲያስረዳን ስሜትን ከልክ በላይ የሚያወጣ፣ ቆይቶ ደግሞ ከልክ በላይ የሚያወርድ ሕመም ነው አለን። ከሦስት ዓመት በፊት አራት ቀን እንቅልፍ ሳይወስዳት የደንበኞቿን ጨርቅ ለመንገደኛ አደለች። ከዚያ ክረምቱን ሙሉ ከአልጋ አልወረደችም። ኪኒን ከጀመረች ወዲህ ደህና ነበረች። ሰኞ ግን ደውላ ሁለተኛ የስፌት መኪና ልገዛ ነው እያለች ሳቀች፣ ደግማ ሳቀች። የሌላ እናት ልጇ ስትስቅ ደስ ይላታል። እኔ ነጠላዬን አነሣሁ።

ወቀን ስንደርስ

መስኮቱ አልዘጋ ብሎ ብርዱ ይጋረፋል። አጠገቤ ዘሃራ የምትባል እህል ነጋዴ ተቀምጣለች።

«ምነው እህቴ፣ መኪናውን በዓይንሽ እየነዳሽው ነው?» አለችኝ።

«ልጄን አሟት ይሆናል ብዬ ነው። መድኃኒት ትወስዳለች።»

«እኔም የደም ግፊት አለብኝ። ዘንድሮ ረመዳን ሳይገባ ሐኪሙን የኪኒኑን ሰዓት አስለወጥሁት። አምና በራሴ አዋቂ ሆኜ ኪኒኑን ትቼ ገብሱ ላይ ወደቅሁ። ደግነቱ ጆንያው ለስላሳ ነው።»

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ ግን ክው አልሁ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ለየሺ «ቅዳሴ ሳይወጣ እህል ውኃ በአፍሽ እንዳይዞር» ብያት ነበር። በዚህ ጾም ቅዳሴ የሚወጣው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ስለ ጠዋቷ ኪኒን ግን ምንም አላልኋትም።

ዳባት፣ ሦስት ሰዓት ገደማ

የሺ ከጨርቅ ክምር መሐል ብድግ አለች።

«እማዬ! ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። ናፍቀሽኝ ነው።»

«በሥራ ቀን?»

ግንባሯን ዳሰስሁ። «የእኔ በሽታ ትኩሳት አይደለም እኮ» አለች።

«ትተኛለሽ?»

«ፋሲካ እየደረሰ ምን እንቅልፍ አለ? ደግሞም አይደክመኝም።»

ይህ «አይደክመኝም» የሚለው ቃል ያኔ ስትታመምም ነበር። መድኃኒቷን አወጣሁት። የማታው እየጎደለ ሄዷል፣ የጠዋቱ እንዳለ ነው።

«ይሄ ለምን አልተነካም?»

«አንቺው አይደለሽ ውኃ እንዳትቀምሺ ያልሽኝ? ያለ ውኃ እንዴት ልዋጠው?»

«ከቅዳሴ በኋላስ?»

«ያኔ ሰዓቱ አልፏል። የማታው ይደርሳል። እንዳትደርቢ ተብያለሁ።»

ልቆጣ አፌን ከፍቼ ነበር። የምቆጣው በማን ላይ እንደሆነ ሳውቅ ዘጋሁት። ሱቋን እያጉረመረመች ቆለፈችና አብረን ተመለስን።

ደባርቅ፣ ከሰዓት በኋላ

ክትትል በምታደርግበት ሆስፒታል ነርሱ ስለ እንቅልፏና ስለ ሐሳቧ ጠየቃት። በፊት ቢሆን እኔ እመልስላት ነበር። ዛሬ የተናገርሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ያስተውኋት እኔ ነኝ» አልሁት።

«የሕመሙ ጅምር አለ» አለ ነርሱ፤ «ግን በጊዜ መጥታችኋል።» ሐኪሙን አማክሮ ሲመለስ የቀረውን ለማካካስ ደርበን እንዳንሰጣት፣ ከነገ ጠዋት ጀምራ እንደ ድሮው እንድትውጥ፣ በሳምንት እንድንመለስ ነገረን። እንቅልፍ እምቢ ካላት ደግሞ ሳምንቱን እንዳንጠብቅ አሳሰበን። የሺ ቀና ብላ «ስስቅስ?» አለችው። «መሳቅ በሽታ አይደለም» አላት። ወደ እኔ ዞራ አየችኝ።

በመንገዳችን የንስሐ አባታችን ቤት ገባን።

«አባታችን፣ ጠዋት ኪኒን ብትውጥ ጾሟ ይሻር ይሆን?»

«ይህን ያህል ጊዜ ለምን ሳትጠይቂኝ ቆየሽ? ለታመመ ሰው ጾም የምናቀል እኛ ነን፣ አንቺ አይደለሽም። ትዋጥ። ቁራሽም ትቅመስበት።»

ቤት፣ ረቡዕ ጠዋት

እስከ አራተኛ ክፍል ነው የተማርሁት። የዚህን ሕመም ጠባይ ግን ዓይኗንና ሳቋን እየጠበቅሁ ተምሬ የጨረስሁት መስሎኝ ነበር። ከራሴ አፍ የሚወጣውን ቃል ግን አልጠበቅሁትም። ልጄ ለእኔ ብላ ትታመማለች ብዬ በምን ልጠርጥር?

የሺ ኪኒኑን በአንድ እጇ፣ ውኃውን በሌላው ይዛ ቆመች።

«አንቺ እየጾምሽ፣ እያየሽኝ አልችልም» አለች።

ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርሁ። ስትውጥ የጉሮሮዋን ድምፅ ሰማሁ። ልዙር ስል «ቆይ፣ ቁራሹን ልቅመስ» አለች። ቆየሁላት።