ለአራት ድምፅ

በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ የተሰማኝ የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ነው። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ ቆሜ ቀረሁ። ከጣሪያው ሥር ባለችው ጠባብ መስኮት የሚገባው ብርሃን ግድግዳው ላይ እንደ ውኃ ይንቀጠቀጣል፤ አቧራው በውስጡ ቀስ እያለ ይዋኛል። አሥራ ስድስት ሰው መሬት ላይ ተቀምጧል። ያሰሩኝ ጋዜጣ ላይ ባወጣሁት አንድ ጽሑፍ ምክንያት ነበር። ሸሚዜ ገና አልቆሸሸም።

አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

«እዚህ ና፣ ልጄ። ድምፅህ ወፍራም ነው ቀጭን?»

ያመማቸው መሰለኝ።

የመዝሙር መምህር ነበሩ፤ ጋሼ እንላቸው ነበር። በልጅነታቸው ገጠር ውስጥ በአንድ የሚስዮን ትምህርት ቤት ከአሮጌ መጽሐፍ ነው መዝሙር የተማሩት። መጽሐፉን ያዘጋጀው በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ የኖረ የመዝሙር ደራሲ ነው። ሰውየው በፈረስ ከመንደር መንደር እየዞረ፣ አዝመራው ከገባ በኋላ ገበሬዎቹን ሰብስቦ መዝሙር ያስተምር ነበር። ኖታ ማንበብ ስለማይችሉ ለእያንዳንዱ ድምፅ ቅርጽ ይሰጥላቸዋል።

«ሦስት ማዕዘን ፋ ነው» ይሉናል ጋሼ። «ክብ ሶል። አራት ማዕዘን ላ። በጥጉ የቆመው አራት ማዕዘን ደግሞ ሚ።»

በተቃጠለ ክብሪት የደም ግፊት መድኃኒታቸው ካርቶን ላይ ጻፉልን። አራት ሆንን፦ እሳቸው፣ እኔ፣ አንድ የሚኒባስ ሹፌርና አንድ ፋርማሲስት። መዘመር ክልክል ስለነበር ከንፈራችንን ገጥመን እናንጎራጉራለን። ግጥሙን አላስተማሩንም።

«መጀመሪያ ቅርጹ ነው የሚዘመረው» ይላሉ። «ሰውየውም እንዲህ ነበር የሚያስተምረው። ቃሉ ኋላ ይመጣል።»

ከሰዓት በኋላ እንዲህ ስናንጎራጉር ሰውየው አብሮን የታሰረ ይመስለኝ ነበር። በረዶ አይቼ አላውቅም፤ ግን ፈረሱን ደጅ አስሮ፣ በረዶውን ከጫማው እያራገፈ ሲገባ አየዋለሁ። መካከላችን ይቀመጣል። እጁ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ክፍሉም አብሮት የሚተነፍስ ይመስለኛል። ከዚያ አንድ ሰው ያስላል፣ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ይመለሳል።

አንድ ጠዋት ፍተሻ መጣ። ካርቶኑን ልለማመድበት ተውሼ ብርድ ልብሴ ውስጥ ሸሽጌው ነበር። አንዱ ወታደር ብርድ ልብሱን ሲያራግፈው ካርቶኑ መሬት ላይ ወደቀ።

«የማን ነው ይሄ?» አለ አዛዡ።

ከማን ብርድ ልብስ እንደወጣ ሁሉም አይቷል። ዝም አልኩ።

«የኔ ነው» አሉ ጋሼ።

«ኮድ ነው?»

«መዝሙር ነው።»

«ማን ሰጠህ?»

«አንድ አሜሪካዊ የደረሰው ነው።»

«አሃ! ከአሜሪካ ጋር ትጻጻፋለህ?»

«ኧረ፣ ሰውየው ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው።»

ማንም አልሳቀም። አዛዡ ካርቶኑን ገለባበጠው።

«መዝሙር ከሆነ ዘምረው።»

«ብቻዬን አይሆንም። ለአራት ድምፅ ነው የተሠራው።»

አዛዡ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። «እና ማን ነው አብሮህ የሚዘምረው?»

ተነሳሁ። «እኔ ነኝ» አልኩ። «ካርቶኑም የተገኘው እኔ ጋ ነው።» ሹፌሩ ተነሳ። ፋርማሲስቱም ግድግዳውን ተደግፎ ተነሳ።

ጋሼ እጃቸውን አነሱ። ፋ፣ ሶል፣ ላ... ድምፃችንን አውጥተን ስንዘምር ያ የመጀመሪያችን ነበር። ያን ያህል መሆናችንን አላውቅም ነበር። ድምፁ ከግድግዳው ተመልሶ ጀርባችንን ሲነካን ሌሎች ከኋላችን ቆመው የሚዘምሩ ይመስላል። ኮሪደሩ ላይ ሲሄድ የነበረው ኮቴ ቆመ።

ስንጨርስ አዛዡ ካርቶኑን ኪሱ ከተተ። «ቁጭ በሉ» አለን። ጋሼን ግን «አንተ ና» አላቸው።

«ጫማዬን ላድርግ» አሉ። ማሰሪያ የሌለውን ጫማቸውን በቀስታ አጠለቁ፤ ኮታቸውን አራገፉ። በሩ ጋ ሲደርሱ ወደ እኛ ዞሩ።

«ሁለተኛው መስመር ላይ ትቸኩላላችሁ» አሉን።

ወደ ክፍሉ አልተመለሱም። በዓመቱ ስፈታ ቤታቸውን አፈላልጌ ሄድኩ። ልቅሶው አልፎ ነበር።

አሁን የምኖረው አሜሪካ፣ ሄይዋርድ ከተማ ነው፤ በሹፍርና ነው የምተዳደረው። ከእስሩ በኋላ የተወለደችው ልጄ ሳን ሆዜ ኮሌጅ ትማራለች። በቀደም ኮል አድርጋ፣ «ዳድ፣ ለክላስ ነው፣ ኦክላንድ ራይድ ትሰጠኛለህ?» አለችኝ። ያደረስኳት አንድ አሮጌ አዳራሽ ነው። መኪና ውስጥ ልጠብቃት አስቤ ነበር፤ ሽንት ቤት ፈልጌ ገባሁ። ሰዎቹ በአራት ጎን ፊት ለፊት ተያይተው ተቀምጠዋል፤ አድማጭ የለም። አንዲት ፀጉራቸው የነጣ ሴትዮ መጽሐፍ ሰጡኝ። ከፈትኩት። ክብ፣ ሦስት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን።

«ከዚህ በፊት ዘምረህ ታውቃለህ?» ሲሉ ጠየቁኝ በእንግሊዝኛ።

«ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ» አልኳቸው።

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። «ዊች ስኩል?»

መጽሐፉን ይዤ ተቀመጥኩ። ለሁለት ሰዓት ያህል አብሬያቸው ዘመርኩ። ስንመለስ ጭጋጉ ከባሕሩ ተነስቶ መንገዱን ሸፍኖት ነበር፤ ከፊታችን ያሉት መኪኖች ቀይ መብራታቸው ብቻ ነው የሚታየው። ያን ጊዜ የት እንደተማርኩ ነገርኳት። ዝም ያልኩባትን ቅጽበትም አልዘለልኩም።



«ዋት ዋዝ ሂዝ ኔም?» አለችኝ።

በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ስማቸውን ድምፅ አውጥቼ ጠርቼው እንደማላውቅ የገባኝ ያኔ ነው። ሙሉ ስማቸውን ከነአባታቸው ነገርኳት። መካከሉ ላይ ያለው ጠንካራ ፊደል አስቸገራት። ሳን ሊያንድሮ ከተማን እስክናልፍ ድረስ፣ ሳትቸኩል፣ እስኪስተካከልላት ደጋገመችው።