የሐርቡዋን ወጌሻ ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ሙሉውን ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለዚያ ሰው የነገርኩትም ከረፈደ በኋላ ነው። ነፍስ አባቴ ፊት ስንት ጊዜ ቀርቤ ሌላ ሌላውን ስዘረዝር ይችን ዘልያታለሁ። እንዴት ብዬ ላስረዳቸው? ሰው አልገደልኩም፣ አልሰረቅኩም። ያጠፋሁት አንድ ገጽ ጽሑፍ ነው።

በሚሊኒየሙ ሰሞን ደሴ ውስጥ የአማርኛ መምህር ነበርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፒያሳ ካለው ኢንተርኔት ቤት እገባና ማንም ሰው በሚጽፍበት፣ ማንም ሰው በሚያርመው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ላይ እሠራ ነበር። በአማርኛው ክፍል የምንጽፈው ጥቂቶች ነበርን። የብዕር ስሜ፣ ከከተማዋ ራስጌ ባለው ተራራ ስም፣ «የጦሳ ዘብ» ነው። ብዙ ስለጻፍኩ የማጥፋት ሥልጣን ተሰጠኝ፤ የማይረባ የመሰለኝን ጽሑፍ አንድ ጊዜ ተጭኜ ከአንባቢ ዓይን አስወግዳለሁ፣ አስቸጋሪ የመሰለኝን ጸሐፊም አግዳለሁ። ክፍል ውስጥ ስልሳ ተማሪ ጸጥ ማሰኘት ላቃተው ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚጥም ልነግራችሁ አልችልም። ወይስ እችላለሁ? ይጥም ነበር። በጣም ይጥም ነበር።

አንድ ቅዳሜ አዲስ ጽሑፍ ገባ። «በአላህ ስም እጀምራለሁ። ውድ አንባቢያን፣ እንደምን ከረማችሁ?» ይላል። ስለ አንዲት የሐርቡ ወጌሻ፣ ስለ እመት ከድጃ ነው። ደርግ ሲወድቅ ሸሽቶ የመጣውንም አሳዶ የደረሰውንም ወታደር ባንድ ቤት አስተኝተው አጥንቱን የጠገኑ ሴት ናቸው። የጸሐፊው ክንድ መኪና ተገልብጦ በተሰበረ ጊዜም ያቀኑት እሳቸው ናቸው። መጨረሻው ላይ «ሰይድ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የፈትል ሠራተኛ፣ ከኮምቦልቻ» ተብሎ ተፈርሟል። ሳቅኩ። «ይህ የደብዳቤ ቦታ አይደለም» ብዬ አጠፋሁት።

በሳምንቱ ያው ጽሑፍ ተመልሶ መጣ። ሰላምታው ወጥቷል፣ ፊርማው ወጥቷል፤ «እኔ» የሚለው ግን አሁንም በየመስመሩ አለ። «ምንጭ የለውም» ብዬ አጠፋሁት። ምንጭ ማለት ምን እንደሆነ፣ እንዴትስ እንደሚጻፍ በሁለት መስመር ባስረዳ ምን ነበረበት? እኔ ራሴ የመጀመሪያ ጽሑፌ የተሰረዘ ጊዜ ሳምንት ሙሉ ሲከፋኝ አልሰነበትኩም?

ከወር በኋላ እዚያው ኢንተርኔት ቤት ስልሳ ዓመት የሚጠጋቸው ሰው አጠገቤ ተቀመጡ። ባንድ ጣት ፊደል ይፈልጋሉ።

«ልጄ፣ ይኸ ነገር ‹ሐ›ን የት ደብቆት ነው?» አሉኝ።

አሳየኋቸው። ቀና ብዬ ስክሪናቸውን ሳይ የእመት ከድጃ ስም ተጽፏል፤ ለካ ሰይድ የተባለው ጸሐፊ እሳቸው ናቸው።

ጋሽ ሰይድ ከያዙት ፌስታል ውስጥ አንድ ወረቀት አወጡ። «ምንጭ አምጣ ቢለኝ ሐርቡ ሄጄ ይኸን አስጻፍኩ» አሉ። የዐሥራ አራት ሰው ስም፣ ፊርማና የጣት አሻራ አለበት፤ ከሥሩ የቀበሌው ክብ ማኅተም አርፏል። «እኒህ ሁሉ በሳቸው እጅ የዳኑ ናቸው። ሄዶ መጠየቅ ነው። ከዚህ የበለጠ ምንጭ ምን አለ?»

የጣት አሻራዎቹን አንድ በአንድ አየሁ።

«የጦሳ ዘብ የሚባል ሰው ነው የሚያጠፋብኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ትልቅ ባለሥልጣን ሳይሆን አይቀርም። ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም» አልኩ።

ጉልበቴ ጉልበታቸውን እየነካ አላውቀውም አልኩ። ከዚያ ደግሞ ምን እንዳደረግኩ ስሙኝ። ተነስቼ አጠገባችን ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ወረቀቱን ስካን አስደረግኩላቸው። ጽሑፋቸውን አቃናሁ፣ «እኔ»ውን አወጣሁ፣ ከወረቀቱ ጋር አድርጌ በገዛ ስማቸው ለጠፍኩላቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «አላህ ወገን አያሳጣህ፣ መምህር» ብለው መረቁኝ።

የተሳፈሩበት ሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ሳይጨርስ አጠፋሁት። «የቀበሌ ደብዳቤ ምንጭ አይሆንም» ብዬ ጻፍኩና ስማቸውንም አገድኩ። ለምን? ደንቡ ነው ልላችሁ እችላለሁ፤ ደንቡም አለ። ያስጠፋኝ ግን ደንቡ አልነበረም። ሁለት ጊዜ የጣልኩት ጽሑፍ ሦስተኛ ጊዜ ከቆመ የኔ ፍርድ ወደቀ ማለት ነው። ሌሎቹ ጸሐፊዎች «የጦሳ ዘብ በቀበሌ ማኅተም አሳለፈ» ብለው ይስቁብኛል ብዬ ፈራሁ። እነዚያን ሰዎች በመልክ እንኳ አላውቃቸውም። የመረቁኝ ሰው ሙቀት ደግሞ ገና ከእጄ አልወጣም ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጋሽ ሰይድ እኔን ፈልገው መጡ።

«ጽሑፉ ጠፋ። መግቢያውም እምቢ አለኝ» አሉ። «ያን ቀን ልነሳ ስል አንድ ነገር ነካክቼ ነበር። እኔው አበላሽቼው ይሆን?»

መግቢያው ስለተዘጋባቸው የጻፍኩትን ምክንያት አላዩትም ነበር። «ሊሆን ይችላል» አልኩ።

የከፋው ይህ ነው። የገዛ ጥፋቴን አንስቼ በሽማግሌ ትከሻ ላይ ጫንኩ፤ እሳቸውም ሳያንገራግሩ ተሸከሙልኝ። «ያልተማረ ሰው ጣጣው ብዙ ነው» ብለው ፈገግ አሉና ወጡ። ከዚያ ወዲያ ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ አላየኋቸውም።

በዚያ መዝገብ የጠፋ ገጽ ፈጽሞ አይጠፋም። ሌላው ሰው አያየውም እንጂ የማጥፋት ሥልጣን ያለን እናየዋለን። ስንት ቅዳሜ ከፍቼ አነበብኩት! አንድ ጊዜ ተጭኜ መመለስ እችል ነበር። ነገር ግን ማን እንዳጠፋው፣ ማንስ እንደመለሰው አብሮ ይታያል፤ ስለዚህ አነብና እዘጋዋለሁ። እንዲህ እያልኩ ዓመታት አለፉ።

አንድ ቀን በመምህራን ማረፊያ ክፍላችን አዲስ የመጣች የኮምቦልቻ ልጅ ስለ አባቷ የቀድሞ የሥራ ባልደረባ ታወራ ነበር። የፋብሪካው ሠራተኞች ጡረታ ለሚወጣ ጓደኛቸው የሕይወት ታሪክ የሚጽፍ ሰው ፈልገው ጋሽ ሰይድን ለመኗቸው። እሳቸው ግን «እኔ የነካሁት ጽሑፍ ይበላሻል፤ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ» ብለው እምቢ አሉ። እሷ እየሳቀች ነው የምታወራው። እኔ ክፍል አለኝ ብዬ ወጣሁ። ክፍል አልነበረኝም።

በዚያው ሳምንት ገጹን መለስኩት። ምክንያት በሚጻፍበት ቦታ ላይ እውነተኛ ስሜን አስፍሬ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ የጸሐፊው አይደለም» ብዬ ጻፍኩ። አትሜው ኮምቦልቻ ወረድኩ። ጋሽ ሰይድን በራቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ወረቀቱን ሰጠኋቸውና «የጦሳ ዘብ እኔ ነኝ» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አደረጉ፤ አነበቡ፤ አወለቁ።

«አጠገቤ ተቀምጠህ?» አሉ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ያን ቀን ወረቀቱን ይዘህልኝ የሮጥከው?»

«እኔው ነኝ።»

ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ልጃቸውን ጠርተው ሻይ አስቀዱልኝ።

«ለኔ ያደረግከውን አፉ ብዬሃለሁ» አሉ። «ሰው ነህ። እመት ከድጃ ግን አምና በረመዳን ሞቱ። ሰው ሲያነብላቸው ፊታቸውን ለማየት ነበር ያን ሁሉ የደከምኩት። የሳቸውን እኔ አፉ ልልልህ አልችልም።»

ሻዩን ጠጥቼ ወጣሁ።

ጽሑፉ ዛሬም ቦታው ላይ አለ። መመለሴን አይተው ደግ ሠራህ ያሉኝ አሉ፤ እናንተም ወጣት ነበርክ፣ ደንብም ነበር ትሉኝ ይሆናል። እባካችሁ አትበሉኝ። አላውቀውም ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሊሆን ይችላል ያልኩትም እኔ ነኝ። ይቅርታ ልለምናቸው የሚገባኝ ሴት ሐርቡ ተቀብረዋል፤ በሳቸው ፈንታ ይቅር የሚለኝ ሰው አልፈልግም።