ጄቴን ያስመረቅኩበት ቅዳሜ

ባለፈው ቅዳሜ ዘሪሁን የሚባል የጥርስ ሐኪም፣ በሞዴል አውሮፕላን ማብረሪያ ሜዳችን ገና ስድስተኛ ሳምንቱን የያዘ ሰው፣ የመለማመጃ አውሮፕላኑን አፍንጫ በማጣበቂያ ሲጠግን ቆይቶ ቀና አለና «ጋሼ፣ ከዚህች ቀጥሎ ምን ልግዛ? የእርስዎ ሁለተኛ ምን ነበረች?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ግላይደር» አልኩት፣ ፈጠን፣ ኮራ ብዬ። ሞተሯን አጥፍታ በነፋስ ስለምትንሳፈፍ አውሮፕላን፣ ስለ ክንፍ ርዝመትና ስለ ትዕግሥት ሩብ ሰዓት ያህል ሰበክሁለት። ሰውየው ስልኩ ላይ ማስታወሻ ያዘ። ከስብከቴ ውስጥ ሐሰት የነበረችው የመጀመሪያዋ ቃል ብቻ ናት። ሁለተኛዋ አውሮፕላኔ ግላይደር አልነበረችም። ጄት ነበረች። ያውም ቀይ።

የወጣትነት ትዝታህን ጻፍ የሚለኝ ሰው ቢመጣ ይህንኑ ነው የምጽፍለት። በትክክለኛው የወጣትነት ዘመኔ የሚወራ ነገር አልሠራሁም፤ በሃያ አምስት ዓመቴ ከጅማ ወዲያ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ የመንገድ ተዳፋት የማሰላ፣ በጊዜ የምተኛ ሽማግሌ ነበርኩ። ጎረምሳነት የያዘኝ በስልሳ አራት ዓመቴ፣ እዚሁ ጆሃንስበርግ፣ በኮሮና ዘመን ነው። ዘግይቶ የመጣ ጎረምሳነት ደግሞ እንደ ዘገየ ኩፍኝ ነው፤ ይከፋል።

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ወር አገር ተዘጋ። ዕድሜ ልኬን መሬት ላይ ተኝቶ የማይንቀሳቀስ ነገር ስሠራ የኖርኩ የመንገድ መሐንዲስ ነኝና፣ ቤት ስውል እኔም እንደ ሥራዬ ተጋደምኩ። ባለቤቴ ጸዳለ ግን የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ነበረች፤ ሰው ሁሉ ሲገባ እሷ ትወጣለች። ስትመለስ ጫማዋን ጋራዥ ታወልቃለች፣ ልብሷን ባልዲ ውስጥ ትነክራለች፣ ከዚያ «አንተስ ምን ስትሠራ ዋልክ?» ትለኛለች። አንድ ቀን «የጎረቤት ድመት ስንቴ አጥር እንደምትዘል እየቆጠርኩ» ብዬ መለስኩላት። አስራ አንድ ጊዜ ነበር። በዚያው ሳምንት የመለማመጃ አውሮፕላን አዘዝኩ።

መንገድ ሲከፈት ከጀርሚስተን ወዲያ፣ ከድሮ የወርቅ ማዕድን የተረፈ ቢጫ የአፈር ቁልል ሥር፣ ሣሩ የታጨደ ሜዳና አንድ አስተማሪ አገኘሁ። ኡም ኮቡስ እንለዋለን፤ «ኡም» በአፍሪካንስ አጎት ማለት ነው። ሰማንያ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ የማዕድን ጉድጓድ ኤሌክትሪሽያን የነበረ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። እስቲ አስቡት፣ በስልሳ አራት ዓመት አጎት የሚሉት ሰው ማግኘት! እሱም «ያንግማን»፣ ወጣቱ ማለት ነው፣ ይለኛል። እንዲህ ብሎ በጠራኝ ቁጥር ከጉልበቴ ላይ አምስት ዓመት ይቀነስልኝ ነበር። ከአእምሮዬም አብሮ መቀነሱን በኋላ ነው የተረዳሁት።

የመለማመጃ አውሮፕላን እንደ ገራም በቅሎ ናት። ክንፏ ከላይ ነው፤ ዝግ ትላለች፤ ደንግጣችሁ መቆጣጠሪያውን ብትለቁት እንኳ ራሷን አቃንታ መንገዷን ትቀጥላለች። ድምፅዋ በሩቅ እንደሚሰማ ቀፎ ነው። በአንድ መታጠፍና በሚቀጥለው መታጠፍ መካከል ስለ ምሳ ማሰብ ይቻላል። አስቤም አውቃለሁ።

ሁለተኛው የኮሮና ማዕበል ካለፈ በኋላ ጸዳለ እንቅልፍ አጣች። እሷ ክፍል እያንዳንዱ አልጋ የሚጮህ መሣሪያ አለው፤ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ካለ መሮጥ ነው። ቤታችንም ፍሪጁ በደንብ ሳይዘጋ ቀርቶ ጢጥ ካለ እሷ ኮሪደር ላይ ቆማለች። ማይክሮዌቩን ነቀልን፤ የማንቂያ ሰዓቱን ለሰው ሰጠን። ቤቱ ዝም ሲል ደግሞ ዝምታውን ታዳምጣለች። ክኒንም ሞክራ ነበር፤ «ይጥለኛል እንጂ አያሳርፈኝም» ብላ ተወችው። አንድ ቅዳሜ «አየር ትቀበያለሽ፣ ነዪ» ብዬ ሜዳ ይዣት ሄድኩ። ከባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ባርኔጣዋን ፊቷ ላይ ደፋች፣ አውሮፕላኔ እዝዝዝ እያለች ስትዞር እንቅልፍ ወሰዳት። ሁለት ሰዓት ሙሉ! በሳምንቱም እንዲሁ፣ በሳምንቱም። ከሰኞ እስከ ዓርብ በእግሯ ያቆማት የነበረው ያ የቅዳሜ እንቅልፍ ነው። ይህን አውቅ ነበር። ማወቄን ያዙልኝ፤ ቀጥሎ የሠራሁት የማያውቅ ሰው ሥራ ነውና።

ምን ሆንኩ መሰላችሁ? ቆጨኝ። እኔ ሰማይ ላይ ክብ እሠራለሁ፣ ስምንት ቁጥር እጽፋለሁ፤ ሚስቴ ታንኮራፋለች። የሌሎቹ ሚስቶች ቪዲዮ ያነሣሉ። ሁለተኛ አውሮፕላን የምመርጥበት ጊዜ ሲደርስ አንዲት ትንሽ፣ የማታሳፍር የምትመስል ምኞት ነበረችኝ፦ ጸዳለ ባርኔጣዋን ገለጥ አድርጋ፣ አንዴ እንኳ «ወይ ጉድ!» እንድትል።

ኡም ኮቡስን ጠየቅሁት። «ትንሽ ፈጠን የምትል፣ ክንፏ ከሥር የሆነ። ወይ ግላይደር» አለኝ። «አንድ ደረጃ ብቻ፣ ያንግማን። ደረጃ ሁለት ሁለቱን የሚወጣ ጥርሱን ይለቅማል።»

እዚህ ላይ ነገሩ ማለቅ ነበረበት። እኛ ግን የሚያውቅ ሰው ከመከረን በኋላ የማያውቅ ወዳጅ ካላማከርን ምክሩ የሞላ አይመስለንም። ስለዚህ ጀርሚስተን መሐል ብርድ ልብስ ወደሚያከፋፍለው ወዳጄ ወደ ሐጂ ሸምሱ ሄድኩ። ሸምሱ የስልጤ ሰው ነው፤ ስፓዛ በሚሏት የሰፈር ኪዮስክ ውስጥ ባንኮኒ ሥር እየተኛ ጀምሮ የመጋዘን ጌታ የሆነ፣ በንግድ ነገር ተሳስቶ የማያውቅ። በብርድ ልብስ ክምር ላይ ተቀምጠን የስልኬን ሥዕሎች አሳየሁት።

«ይቺ ምንድን ናት፣ ኢንጂነር?»

«ግላይደር ናት። ከፍ ካለች በኋላ ሞተሯ ይጠፋል።»

«ይጠፋል?»

«አዎ፣ ከዚያ በነፋስ ነው።»

«ወላሂ፣ ሞተሩ የሚጠፋ ነገር ገንዘብ ተከፍሎበት አይገዛም። የኔ ባኪ በነፃ ይጠፋልኛል!» ባኪ የሚለው ዕቃ የሚጭንባትን ፒክአፑን ነው። ጣቱን ወደ ቀጣዩ ሥዕል አሳለፈ። «ይቺስ ቀይዋ?»

«እሷ ጄት ናት። ተዋት፣ በጣም ፈጣን ናት። አስተማሪዬም...»

«ኤይሽ! ስማኝ። ሰው ሁለተኛ ሱቅ ሲከፍት ካንደኛው ያነሰ ይከፍታል? ከከፈተ ምን ይሉታል? ከሰረ ይሉታል። ለመሆኑ እቴ ጸዳለ የድሮዋን እንዴት ታያታለች?»

«ተኝታ።»

«እንግዲያው የምታነቃ ግዛ!»

ለካ እስካሁን ሳማክር የነበረው ይህን የሚለኝ ሰው እስካገኝ ኖሯል። ጄቷን ገዛሁ።

ሸምሱ በዚህ አላበቃም። «ያልተመረቀ ነገር አይነሣም» አለ። እሱ ባኪውን ሲገዛ በግ አርዶ እንዳበላን አስታወሰኝ። እውነቱን ነው፤ እኛ ዘንድ መኪና ተገዝቶ ሳይበላበትና ሳይመረቅ ቀርቶ፣ በኋላ ጎማው ቢፈነዳ ጥፋቱ የጎማው አይደለም። ያን ሰሞን ሜዳ ላይ መሰብሰብ ተፈቅዶ ስለነበር በመጋቢት መጨረሻ ቅዳሜ ቀጠርን። ዝናቡ ወደ ማብቃቱ ነበር፤ የጀርሚስተን መንገድ ግራና ቀኙ ሮዝና ነጭ የዱር አበባ ለብሶ፣ እኔ ራሴ መንገድ መሥራቴን ወደድኩት። ጸዳለ ሌሊቱን ስትሠራ አድራ ነው የመጣችው። «ምሳ ሲደርስ ቀስቅሱኝ» አለችና ባሕር ዛፉ ሥር ባርኔጣዋን ደፋች።

ሸምሱ ከዕድራችን አራት ሰዎችና አንድ ትልቅ ድስት ክትፎ በባኪው ጭኖ መጣ። ቆጮው በኮባ እንደተጠቀለለ፣ አይቡ ለብቻ። ኡም ኮቡስ ሳህኑን ተቀብሎ ከላይ ከታች አየውና «እሳቱ የት አለ?» አለ።

«ውስጡ ነው» አለው ሸምሱ፣ ሚጥሚጣ እየነሰነሰለት። ሽማግሌው ቀመሰ፤ ዐይኑ እንባ ሞላ፤ ሳህኑን መልሶ ዘረጋ።

ከዚያ ምርቃቱ ሆነ። ጄቷ ታጣፊ ጠረጴዛ ላይ እንደ ሙሽራ ተቀምጣለች። ሸምሱ መዳፎቹን ዘርግቶ «አላህ ከፍ ያድርግህ! ከፍ ብለህ አትርሳን! ስትወርድም በሰላም ውረድ!» አለ፤ «አሚን» አልን። ኡም ኮቡስም አንድ «አሚን» ዘግይቶ ጨመረና እጁን ወደ መቆጣጠሪያው ዘረጋ። የሜዳው ልማድ ነው፤ አዲስ አውሮፕላን መጀመሪያ ጊዜ አስተማሪው ያበርራታል፣ ጠባይዋን ያያል፣ ያስተካክላታል፣ ከዚያ ለባለቤቱ ይሰጣል።

እንግዳ ጠርቼ፣ ክትፎ አብልቼ፣ ተመርቄ፣ መጀመሪያ ሌላ ሰው ያብርርልኝ? ይሉኝታ ያዘኝ። «ግዴለህም፣ እኔው አበርራታለሁ» አልኩ። ኡም ኮቡስ የዘረጋውን እጅ ሰበሰበ። «ባትሪዋ አራት ደቂቃ ነው። ሦስት ሲሞላ መቆጣጠሪያው ይጮህብሃል። ሲጮህ አሳርፍ» አለና ወደ ኋላ ቆመ።

ጄቷ ሣሩ ላይ ተንደረደረች፤ «ተነሣች!» ለማለት አፌን ስከፍት ቢጫው ቁልል አናት ላይ ነበረች። አዞርኳት፤ በእኛ በኩል አልፋ በወዲያኛው አበባ ላይ ነጥብ ሆነች። «ማሻአላህ!» ይላል ሸምሱ። «ጀግና!» ይላሉ የዕድር ሰዎች። ጀግናው ዐይኑን ሳያርገበግብ ነጥቧን ይፈልጋል። ስለ ምሳ ማሰብ ቀርቶ ምሳ የሚባል ነገር መኖሩን ረሳሁ። አላበርራትም ነበር፤ ከኋላ ከኋላዋ ይቅርታ እየጠየቅሁ እከተላት ነበር እንጂ።

ጢጥ። ጢጥ። ጢጥ።

መለማመጃዋ ሩብ ሰዓት ስለምትበር ሁልጊዜ ቀድሜ አሳርፋታለሁ፤ መቆጣጠሪያው ሲጮህብኝ ሰምቼ አላውቅም። «አሳርፍ» አለ ኡም ኮቡስ። «አንድ ዙር» አልኩ፤ ማሳረፉን ስለፈራሁት። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ፤ ጩኸቱ እየፈጠነ መጣ። ከኋላዬ የወንበር መውደቅ ሰማሁ።

ጸዳለ ሜዳው መሐል ቆማለች። ባርኔጣዋ ወድቋል። ግማሽ ፊቷ ላይ የእንቅልፍ ምልክት አለ፤ እጆቿ ኪሶቿ ውስጥ ጓንት ይፈልጋሉ። ከእኔ ወደ ሸምሱ፣ ከሸምሱ ወደ ኡም ኮቡስ እያየች፣ ቤት ሰምቼው በማላውቀው የሥራ ድምፅዋ፦

«ስንተኛው አልጋ ነው?» አለች።

 

መቆጣጠሪያውን ኡም ኮቡስ እጅ ላይ ጣልኩለትና ወደሷ ሄድኩ። ይሉኝታው የት እንደገባ አላውቅም። «አልጋ የለም፣ ጸዲ። ሜዳ ነን። የኔ ቅብጠት ነው የጮኸው» አልኳት። እጇን ከኪሷ አወጣችና እጄን ያዘች፤ እጇ በረዶ ነበር። ወደ ሰማይ አየች፣ ወደ ድስቱ አየች። «ምሳ ደርሷል ማለት ነው?» አለች፣ ልትስቅ እየሞከረች። ያን ቀን ተመልሳ አልተኛችም። ሰኞ ለሥራ ስትወጣ መኪናዋን አስነሥታ፣ መሪው ላይ ደገፍ ብላ ዐይኗን ስትጨፍን አይቻለሁ።

ጄቷ ብትከሰከስ ደስ ባለኝ። ኡም ኮቡስ ግን ጭረት ሳይነካት እንደ ርግብ አሳረፋት። ሥርዓት የሌለው ችሎታ!

በሳምንቱ ጄቷን ከአንድ የክለባችን አባል አሮጌ ግላይደር ጋር ለወጥኳት፤ ክንፏ ረጅም፣ ሆዷ ላይ ሁለት ጥጋኝ ያላት። ኡም ኮቡስ የመቆጣጠሪያውን ጩኸት ዘጋና፣ ባትሪ ሲያልቅ መዳፌ ውስጥ ብቻ እንዲነዝር አደረገው። ስለ ምርቃቱም ስለ ጄቷም አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ያንግማን ማለቱን ብቻ ለሁለት ወር ያህል አቆመ።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ቅዳሜ ጸዳለ ወንበሯ ላይ ዐይኗን ገልጣ ተቀመጠች። ግላይደሯን ከፍ አደርጋለሁ፣ ሞተሩን አጠፋለሁ፤ በሞቀው የቁልል አየር ላይ ድምፅ ሳታሰማ ትዞራለች፤ እኔ ከሥር ሆኜ የማየው ሰማዩን ሳይሆን ባርኔጣውን ነው። በሦስተኛው ቅዳሜ ባርኔጣው ወረደ።

በዚያው ሰዓት ሸምሱ ከባኪው እየወረደ «ኢንጂነር! ጄት አስመርቆ ጥንብ አንሣ የሚያበርር...» ብሎ ጀመረ። በአገጬ ወደ ባሕር ዛፉ አመለከትኩት። አየና በጫማው ጫፍ እየረገጠ መጣ፣ አጠገቤ ቆመ፣ አንጋጠጠ። «ሞተሩ ጠፍቶ ነው?» አለኝ። ሸምሱን በሹክሹክታ ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ይኸው ዓመታት አለፉ። ጸዳለ ጡረታ ወጣች፤ እንቅልፏም በዝግታ ወደ ገዛ አልጋዋ ተመለሰ። ማይክሮዌቭ ገዝተናል፤ ይጮሃል፤ ማንም አይሮጥለትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ዛሬም አብራኝ ትመጣለች። ችግሩ፣ ነቅታ ነው የምትመጣው። ለዘሪሁን ስብከቴን ጨርሼ ግላይደሬን ላሳርፍ ስል፣ ሜዳውን ስቼ ረጅሙ ሣር ውስጥ ወሸቅኳት፤ ወዲያው ከባሕር ዛፉ ሥር «ይኸ ነው እንግዲህ ስንት ዓመት የተማርከው?» የሚል ድምፅ መጣ። የጥርስ ሐኪሙ ማስታወሻ የያዘበትን ስልክ ወደ ኪሱ ሲመልስ አየሁት።

ያኔ በመኪና ስንመለስ «ዛሬስ እንዴት ነበር?» ትለኝ ነበር፣ ፊቷን እያሻሸች። «እንከን አልነበረውም» እላታለሁ፤ «ጎበዝ» ትለኛለች። እንቅልፏን እግዜር አይንሳት፣ ሌላ ምን እላለሁ፤ እሷ ተኝታ ሳለች ግን እንዴት ያለሁ አብራሪ ነበርኩ!