ለአንድ ሰው ያወራሁት እሽቅድምድም

በሕይወቴ ብስክሌት ላይ ወጥቼ አላውቅም። ቡታጅራ ውስጥ ግን በጣሊያን ዘመን የብስክሌት እሽቅድምድም ለሕዝብ የሚያወራው ሰው እኔ ነበርኩ።

ጣሊያንኛ የለመድኩት ትምህርት ቤት ገብቼ አይደለም። ከወረራው በፊት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጣሊያናዊ አናጢ ዘንድ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። እንጨት ስልግለት እሱ ሲሳደብ፣ ሲዘፍን፣ ከሚስቱ ጋር ሲጣላ እሰማለሁ፤ ቋንቋው እንደዚያ ሆኖ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። በየካቲቱ እልቂት የተከራየሁባት ቤት ስትቃጠል በእግሬ ወደ አገሬ ተመለስኩ። ቤታችን ከቡታጅራ ገበያ አለፍ ብሎ በመስቃን በኩል፣ እንሰት መሐል ነው። አባታችን ቀደም ብሎ ሞቷል። ቤት ውስጥ የነበሩት እናቴና ታናሽ ወንድሜ ናቸው።

ወር ሳይሞላኝ ጣሊያንኛ እንደምችል ተሰማና የአካባቢው የጣሊያን ሹም አስጠራኝ። "ከነገ ጀምሮ አስተርጓሚ ነህ" አለኝ። ጥያቄ አልነበረም። ቤት ገብቼ ስናገር እናቴ እሳቱን ቆሰቆሰች። ወንድሜ ግን ቀና አለ።

"እምቢ ብትለውስ?"

"ይሰቅሉኛል።"

"ሌሎችም ተሰቅለዋል" አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ከቤት ጠፋ። ዘቢዳር ተራራ ላይ ካሉት አርበኞች ጋር መቀላቀሉን ሰው ሁሉ ሰማ፤ ጣሊያኖቹ ብቻ አልሰሙም። እናቴ እኔን ማናገር ያቆመችው ያን ሳምንት ነው። አላባረረችኝም፣ አልረገመችኝምም። ቆጮዬን በኮባ ሸፍና ከምድጃው አጠገብ ታስቀምጥልኛለች፤ እኔ በበሩ ስገባ እሷ በጓሮ ትወጣለች። መንገድ ላይም ሰው ሲያየኝ የጀመረውን ወሬ ይውጠዋል። ያን ዘመን አንዳንድ ቀን ከሥራ መልስ ድምፄ እንዳይጠፋኝ ብዬ ብቻዬን እናገር ነበር።

ካምፑ ውስጥ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። ከሁለት ባሕር ዛፎች ጫፍ የወረደ ሽቦ ወደ ውስጧ ይገባል። የራዲዮው ሠራተኛ እዚያ ነበር የሚውለው። ከሰሜን ጣሊያን የመጣ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱ ሁልጊዜ በፀሐይ የተላጠ ወጣት ነው። ሹሙ አንድ ቀን ሁለታችንንም ጠርቶ ትእዛዝ ሰጠን። ሕዝቡ የጣሊያንን የስፖርት ኃይል ይስማ፣ የሮማ ራዲዮ ኳስና እሽቅድምድም ሲያስተላልፍ እየተተረጎመ ይነገረው አለ። ወጣቱ ከክፍሉ እስከ ገበያው ዳር ረጅም ሽቦ ዘርግቶ ድምፅ ማጉያውን ዛፍ ላይ ሰቀለው። እኔን ከዛፉ ሥር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠኝ፤ ከፊቴ ማይክሮፎን፣ በጆሮዬ ማዳመጫ። ስለዚህ ሮማ ሆኖ እሽቅድምድሙን የሚያወራውን ሰው የምሰማው እኔ ነኝ፤ ገበያው የሚሰማው እኔን ነው።

የዚያን ሰው ስም አሁን ረስቼዋለሁ። ድምፁን ግን ዛሬም ከሺህ ድምፅ መሐል እለየዋለሁ። ጎርነን ያለ፣ የማይቸኩል ድምፅ ነበር። ሌሎቹ ተናጋሪዎች ጎል ሲቃረብ ይጮኻሉ፤ እሱ ግን ነገሩ ሲከር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ አንተ ራስህ ወደ እሱ ትጠጋለህ። ብስክሌተኛው በኪሱ ስለያዘው ዳቦ ይነግርሃል፤ መንገድ ዳር መሐረብ ይዛ ስለቆመች መበለት ይነግርሃል። ሲያስለው "ይቅርታ" ይላል። ሁልጊዜ ሲጀምር ደግሞ "ወዳጆቼ አድማጮች" ይላል። በዚያ ዘመን እኔን ወዳጄ ብሎ የሚጠራ ሌላ ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ ላይ ሕዝቡ የመጣው ዘበኞች እየነዱት ነው። ጀርባውን ሰጥቶኝ ይቆማል። ኳሱን አልወደዱትም፤ ሃያ ሁለት ሰው አንድ ነገር እንዴት እንደሚሻማ ማስረዳት አቃተኝ። ግንቦት ሲገባና አገራቸውን የሚዞረው የብስክሌት እሽቅድምድም ሲጀመር ግን ነገሩ ተለወጠ። እንደ ሮማው ሰው ረጋ ብዬ ማውራት ሞከርኩ። ተያይዘው የሚጋልቡትን "መንጋው" አልኳቸው። ነጥሎ የወጣውን "አምላጩ" አልኩት። ተራራ ሲመጣ "ይህ አቀበት እንደ ዘቢዳር ነው፤ እግሩ ከዳው፣ እጁ ግን አልለቀቀም" አልኩ። ጀርባቸውን የሰጡኝ ሰዎች አንድ በአንድ ዞሩ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ዘበኛ የሚነዳቸው አልነበረም።

ሁልጊዜ ፊት ለፊቴ የሚቀመጡ አንድ ሙስሊም የበርበሬ ነጋዴ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ቀን እጃቸውን አንሥተው ጠየቁኝ።

"ይህ ሁሉ ጥድፊያ ወዴት ሊደርሱ ነው?"

"ዞረው ዞረው ከተነሡበት ከተማ ሊመለሱ ነው፣ አባባ።"

"እንግዲያ ለምን እዚያው ቁጭ ብለው አይጠብቁም?"

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ስለነበር ጉንጬን አመመኝ። ነገር ግን የዕለቱ ወሬ አልቆ ማዳመጫውን ሳወልቅ ሁሉም ብድግ ብሎ ሄደ። "ደህና እደር" ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም። የወደዱት ከዛፉ ላይ የሚመጣውን ድምፅ ነው፤ ከዛፉ ሥር የተቀመጠውን ሰው አይደለም።

የራዲዮው ሠራተኛ ያን ቀን ሽቦውን እየጠቀለለ አየኝ። ወደ ክፍሉ አስገባኝና በጣውላ ሣጥን ላይ እንድቀመጥ አመለከተኝ። ለአገሬው ሰው ከነጭ ጋር አብሮ መቀመጥ ክልክል ስለነበር በሩን ዘጋው። "እርስዎ" ብዬ ስጀምር፣ "በሩ ሲዘጋ አንተ በለኝ" አለኝ።

ከዚያ የወንድሙን ፎቶግራፍ አሳየኝ። ብስክሌቱን ተደግፎ የቆመ፣ ጆሮው ትልልቅ ልጅ ነው።

"እሽቅድምድሙ ውስጥ አለ" አለኝ።

"ስሙን ሰምቼ አላውቅም።"

"አትሰማውም። እሱ ለማሸነፍ አይደለም የሚጋልበው። ለቡድኑ አለቃ ውሃ ያቀብላል። የአለቃው ጎማ ሲተነፍስ የራሱን አውልቆ ይሰጠዋል።"

"ታዲያ ስሙን ማን ይጠራዋል?"

"ማንም። እኔ ግን እጠብቃለሁ።" ፎቶግራፉን ወደ ኪሱ መለሰ። "አንተስ ወንድም አለህ?"

"የለኝም" አልኩት።

በዚያ ዓመት የልጁ ስም ሳይጠራ እሽቅድምድሙ አለቀ። የሚቀጥለው ዓመት ግንቦት ሲመጣ ግን ወጣቱ ታመመ። በመቂ በኩል ወዳለው ቆላ የስልክ ሽቦ ሊጠግን ወርዶ ወባ ይዞ ተመለሰ። ራዲዮውን እየተንቀጠቀጠ ከፍቶልኝ ከክፍሉ ጥግ ወዳለው አልጋ ይመለሳል፤ እኔ ወደ ዛፌ እሄዳለሁ። የሮማው ድምፅ በሽቦው ወደ ማዳመጫዬ ብቻ ስለሚመጣ እሱ አልጋው ላይ ሆኖ አይሰማውም።

ከእነዚያ ቀናት በአንዱ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ መንጋው ከተራራ እየወረደ ነበር። መንገዱ ዝናብ መትቶታል። የሮማው ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከዚያ የወጣቱን የቤተሰብ ስም ጠራ። መጀመሪያ ጆሮዬን አላመንኩም፤ ደግሞ ጠራው። መታጠፊያው ላይ ተንሸራቶ ከግንብ ጋር ተጋጭቷል፤ አይነሣም፤ አምቡላንስ እየጠበቁ ነው። "ወዳጆቼ" አለ፣ "ይህ ልጅ የሌሎችን ውሃ ሲሸከም የኖረ ልጅ ነው።"

እኔም ስሙን ሁለት ጊዜ ጠርቼ ይህንኑ በአማርኛ ለገበያው ተናገርኩ። ሽማግሌው ነጋዴ "ያ አላህ፣ ምስኪን" አሉ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ።

ወሬው አልቆ ወደ ክፍሉ ስገባ ወጣቱ በክርኑ ተደግፎ ተቀምጧል። ዓይኑ በትኩሳት ያበራል።

"ስማችንን ጠራህ!" አለኝ። "በድምፅ ማጉያው ሰማሁ። ሁለት ጊዜ ጠራኸው። ምን ሆነ? ንገረኝ!"

አማርኛ አያውቅም። ከሰማው ሁሉ የገባው ያ ስም ብቻ ነበር። ከንፈሩ ተሰንጥቆ፣ ብርድ ልብሱን በሁለት እጁ ጨብጦ ሲጠብቀኝ አየሁትና አፌ ቀድሞኝ ሄደ።

"ሰባተኛ ወጣ" አልኩት።

"ሰባተኛ? እሱ?"

"አለቃው ደክሞ ቀረና ሂድ አለው። ሄደ።"

"እንዴት አለው? የሮማው ሰው እንዴት አድርጎ ነው የተናገረው?"

ሣጥኑ ላይ ተቀመጥኩና የሮማውን ሰው ድምፅ አውጥቼ በጣሊያንኛ አወራሁለት። ዝናቡን፣ ቁልቁለቱን፣ የተሰለፈውን ሕዝብ ነገርኩት። ሲቃረብ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። አልፎ አልፎ ያሳለኝ መስዬ "ይቅርታ" አልኩ። ወጣቱ ትራሱ ላይ ወደቀና እያለቀሰ ሳቀ።

እሽቅድምድሙ እስኪያልቅ በየቀኑ እንዲህ አደረግሁ። ለገበያው እውነተኛውን፣ ለእሱ የእኔን። ለሕዝብ ሳወራ እንዲያ ተጠንቅቄ አላውቅም። ሆስፒታል የተኛውን ልጅ በስድስት ከተማ አሳለፍኩት፤ ውሃ አጠጣሁት፣ ጎማውን ቀየርኩለት። አንድ ቀን ብቻ ሦስተኛ ላደርገው አሰብኩና እንዳይነቃብኝ ፈርቼ ተውኩት።

ወጣቱ ከወባው ሲነሣ እሽቅድምድሙ አልቋል። ሰኔ ላይ አገራቸው ወደ ትልቁ ጦርነት ገባ። የሮማው ሰው ያን ጊዜ ጠፋ። በእሱ ሰዓት ማዳመጫውን ሳደርግ የሚመጣው የጦር መግለጫ ነው፤ ተናጋሪውም ሌላ፣ ብረት ብረት የሚል ድምፅ ያለው። ገበያተኛው አንድ ሁለት ጊዜ መጥቶ "ብስክሌቱስ?" አለ። የለም ስለው ቀረ። ሹሙም ዘበኛ ልኮ ሊነዳው አልሞከረም።

ሐምሌ ውስጥ ወጣቱ ከቤተሰቡ ደብዳቤ ደረሰው። ሦስት ቀን አላናገረኝም። አገልጋዮችና ዘበኞች ባሉበት ያልፈኛል፣ ዓይኑን ግን አያነሣም። በአራተኛው ቀን ጠራኝና በሩን ዘጋ።

"እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሯል" አለ። "ከእንግዲህ አይጋልብም።"

"አውቃለሁ።"

"ለሕዝቡ የነገርከው እውነቱን ነው?"

"አዎ።"

"ስለዚህ በርበሬ የሚሸጠው ሁሉ ያውቅ ነበር። እኔ ብቻ ነኝ ያላወቅሁት።"

"ታመህ ነበር" አልኩት።

ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ጀመረ። ደብዳቤውን አጥፎ ወደ ኪሱ ከተተው።

"ያን ቀን የነገርከኝን ድገምልኝ።"

"ውሸት እኮ ነው።"

"አውቃለሁ። ድገመው።"

ጀመርኩለት። ቁልቁለቱን አለፍኩ፣ ከተማዋ ውስጥ አስገባሁት። የመጨረሻው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ስደርስ ግን አቋረጥኩ። እሱ ተቀበለኝ። የሮማውን ሰው ድምፅ ይዞ፣ ቀስ አድርጎ፣ ወንድሙን እስከ መስመሩ አደረሰው። ሰባተኛ። ከዚያ ተነሥቶ በሩን ከፈተልኝ። በሳምንቱ ወደ ኬንያ ድንበር ላኩት። በሕይወት ይኑር ይሙት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጣሊያን ተሸንፎ ካምፑ ባዶ በሆነ ጊዜ እኔ ቤት ውስጥ ተቀምጬ የሚመጣውን ጠበቅሁ። የመጡት የአገር ሽማግሌዎች ናቸው። ዋርካው ሥር አስቀምጠውኝ ስለ እኔ ተነጋገሩ። አንዱ ባንዳ ነው አለ። የበርበሬ ነጋዴው ተነሡና፣ "አስተርጓሚ ነበር፣ አዎ። በእሱ አፍ ሰው የሞተበት ካለ ይነሣና ይናገር። ለእኛ ያወራልን ስለ ብስክሌት ነው" አሉ። ማንም አልተነሣም። ለቀቁኝ። ግን "ና፣ አብረን እንሂድ" ያለም የለም፤ ወደ ቤት የተመለስኩት ብቻዬን ነው።

ወንድሜ ከዘቢዳር የወረደው ከዚያ በኋላ ነው። ፀጉሩ ትከሻው ላይ ወርዷል፣ ግራ እጁ አይታጠፍም። እናቴ አንገቱን ይዛ ስታለቅስ እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። ምሽቱን ምድጃው ዳር ሦስታችን ተቀመጥን። መጀመሪያ የተናገረኝ እሱ ነው።

"እህል ፍለጋ ወደ ታች ስንወርድ፣ ነፋሱ ወደ እኛ ሲሆን ድምፅህ ይሰማን ነበር" አለ። "ጓዶቼ፣ ያ ወንድምህ አይደለም ወይ ይሉኝ ነበር።"

"ምን አልካቸው?"

"አላውቀውም አልኳቸው።"

እናቴ እንጨት ጨመረች። እኔም በዚያች የቆርቆሮ ክፍል ወንድም የለኝም ብያለሁ፤ ምን መብት አለኝ?

"ያ የወደቀው ልጅ" አለ ወንድሜ። "ቁልቁለት ላይ የወደቀው። ዳነ?"

"እግሩ ተሰበረ። ነፍሱ ግን ተርፋለች።"

"ሰዎቻችን ለቀናት ስለ እሱ ይነጋገሩ ነበር" አለና ለመተኛት ተነሣ።

ከወንድሜ ጋር እዚያ ቤት ውስጥ ብዙ አልቆየንም። አልተጣላንም። ግን እኔ ስገባ እሱ የሚወጣበት ምክንያት ያገኛል፣ እሱ ሲገባ እኔ። የአናጢነት ዕቃዬን ሰብስቤ ወደ ወልቂጤ ለመሄድ ወሰንኩ። በጅማ መንገድ ዳር ቤት እየተሠራ ነው፣ በርና መስኮት የሚገጥም ይፈለጋል ሲሉ ሰምቻለሁ።

በሄድኩ ቀን እናቴ ቆጮ ቋጥራ እስከ ወንዙ ሸኘችኝ። ወንዙ ዳር ስንደርስ ነጠላዋን አስተካክላ፣

"ጻፍልኝ" አለችኝ። በአራት ዓመት ውስጥ የነገረችኝ የመጀመሪያ ቃል ነው።

"ማን ያነብልሻል?"

"ወንድምህ።"

ወልቂጤ ውስጥ ሰው የማያውቀኝ አናጢ ሆንኩ። ከአንድ ሱቅ ጀርባ ክፍል ተከራየሁ፤ ቀን እንጨት እልጋለሁ፣ ማታ ብቻዬን እበላለሁ። በመጀመሪያው ወር ለእናቴ ጻፍኩ። ስለ ከተማው፣ ስለምሠራው በር፣ ስለ ጤናዬ። መልስ አልመጣም። ሁለተኛ ጻፍኩ። ሦስተኛውን ስጽፍ ስለ ራሴ የምለው አልቆብኝ ስለ ወልቂጤ ዝናብ ጻፍኩ።

መስከረም ላይ ከቡታጅራ የመጣ ነጋዴ ወረቀት አቀበለኝ። በወንድሜ እጅ የተጻፈ ነው፤ ቄስ ትምህርት ቤት አብረን ስንማር ፊደሉን ያጋድል ነበር፣ አሁንም ያጋድላል። "እናታችን ደህና ናት። ደብዳቤዎችህን አንብቤላታለሁ። በርበሬው ዘንድሮ ጥሩ ነው" ይላል። ከዚያ በታች ስሙን ጽፏል። ቆሜ ደግሜ ደግሜ አነበብኩት፤ ከዚያ መላጊያውን አንሥቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።