በዲጄው ውል ላይ የሰረዝኩት መስመር

ሰውመሆን ገመድ ሲጠቀልል እጁን ማየት ደስ ይለኛል። እኔ የጥጃ ገመድ የምጠቀልለው በመዳፌና በክርኔ መካከል እያዞርኩ ነው። የእሱንም ገመድ እንደዚያ ስጠቀልል ካየኝ ከእጄ ይቀማኛል። «እምዬ፣ የውስጡ ሽቦ ይበጠሳል» ይላል። አንዱን ዙር ወደ ውስጥ፣ ቀጣዩን ወደ ውጭ እያጠፈ፣ ገመዱ ራሱ ወደሚፈልገው ወገን እየለቀቀለት፣ ሃያ ሜትሩን እንደ ሰፌድ አክብቦ መሬት ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ጫፉን በጨርቅ ይወለውላል፣ የተላጠውን በጥቁር ናስትሮ ይሸፍናል። ዛሬም ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ይህንኑ እየሠራ ነው። ገመዱ የሚሰካበት ሚክሰር፣ ድምፁን የሚያስተካክልበት ዕቃ፣ ግን ቤት ውስጥ የለም፤ ባሕር ዳር ነው። ለምን እዚያ እንደቀረ ልጽፍ ነው የተቀመጥኩት። ጥፋቱ ከፊሉ የኔ ስለሆነ ሌላ ሰው እንዲጽፈው አልፈልግም።

ሰውመሆን የልጄ የማስተዋል ልጅ ነው። እናቱ ወደ ሐሙሲት አግብታ ስትሄድ የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ ወረታ እኔ ዘንድ ቀረ። ከአሥረኛ ክፍል በኋላ መሐመድዘይን የሚባል ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ስልክና ቴፕ ሲጠግን ቆየ። አንድ ቀን መጥቶ «ዲጄ ልሆን ነው» አለኝ። ምን እንደሆነ አላወቅሁም።

«ሠርግ ላይ ዘፈን የሚያጫውት ነው።»

«ዘፋኝ እያለ?»

«ዘፋኝ ስንት እንደሚጠይቅ ብታውቂ እንዲህ አትይም ነበር።»

አንዲት የፎገራ ጊደር ነበረችኝ፣ ሸጥኳት። መሐመድዘይንም ትርፍ ሳይጨምርበት ሚክሰሩን ከአዲስ አበባ አስመጣለት። ስፒከርና ጀነሬተር ከአቅማችን በላይ ስለነበሩ እነሱን ሠርግ በመጣ ቁጥር ይከራያል። የራሱ የሆነው ዕቃ ያ ሚክሰር ብቻ ነው። የእያንዳንዱን ቁልፍ ጥቅም ነግሮኛል፤ አንዱንም አልያዝኩለትም። ሲነካካቸው ግን አቧራ እንዳያርፍባቸው በነጠላዬ ጫፍ እጠርግለት ነበር።

ዋጋ ጠያቂው ቤት ድረስ ይመጣል። እኔ መቀመጫ አቀርባለሁ፣ ሰውመሆን ዋጋ ይናገራል፣ ሰውዬው ይነሣል።

«ሃያ ስድስት ሺህ? ለአንድ ቀን?» አለው አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ። «ዘፈኑ እኮ ስልኬ ላይም አለ።»

«እንግዲያ ስልክዎን ዳሱ ላይ ይስቀሉታ አባባ። አምስት መቶ ሰው ከሰማልዎ ጥሩ ነው።»

ሌላዋ ደግሞ ከላይ እስከ ታች አይታው «አትዘፍን፣ አትጨፍር። ቁልፍ መጫን ነው ሥራህ። እኔ በነፃ እጫንልሃለሁ» አለችው። እሱ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ይህችው ሴት ለበሬው የጠየቋትን ከፍላ፣ ለድንኳኑ ከፍላ፣ ለፎቶ አንሺው ሳትከራከር ከፍላለች። ክርክሩን ሁሉ አጠራቅማ ለኔ ልጅ ነው ያመጣችለት። ስፒከሩ ከባሕር ዳር አሥር ሺህ ይከራያል። ጀነሬተሩ ሦስት ሺህ ነው። ቤንዚን ከማደያ ሲጠፋ በሃይላንድ ጠርሙስ ከመንገድ ዳር ይገዛል፤ እሱም ሦስት ሺህ ይፈጃል። መኪናው ደርሶ መልስ አራት ሺህ። ስድስት ሺህ ብር ናት እጁ ላይ የምትቀረው። ለዚያች ደግሞ ሦስት ቀን ይለፋል። ይህንን ለማን አስረዳለሁ?

ባለፈው ጥር፣ ለጥምቀት ሳምንት ሲቀረው፣ ገበያው የሚባል ሰው መጣ። ገበያው ከይፋግ ወዲህ ሜዳው ላይ ሩዝ የሚያመርት ገበሬ ነው። እኔም የተወለድኩት እዚያው መንደር ስለሆነ በሕፃንነቱ አውቀዋለሁ። ልጁን አምሳልን ሊድር ነው። ዘንድሮ ሩዙ ደህና ሰጥቶት ስለነበር ዋጋው ላይ ብዙ አልተከራከረም። አሥር ሺህ ቀብድ ቆጥሮ አስቀመጠና ሰውመሆን ውሉን በደብተር ወረቀት ላይ ጻፈ።

«እትዬ ገላነሽ፣ እርስዎ ያንብቡልኝ» አለኝ ገበያው። «ፊደል ቆጠሩ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

በስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው የጎልማሶች ትምህርት የገባሁት። ከዚያ ወዲህ የሳሙና መጠቅለያ እንኳ ሳላነብ አልጥልም። ሰው ወረቀት አንብቢልኝ ሲለኝ ደግሞ የሚሰማኝን ደስታ መደበቅ አልችልም። መነጽሬን አድርጌ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። አንደኛው መስመር ቀኑን ይናገራል። ሁለተኛው ዋጋውን፣ ሦስተኛው ቀብዱን። አራተኛው ላይ ጣቴ ቆመ። «በሠርጉ ዕለት በአካባቢው ለቅሶ ደርሶ ሙዚቃው ቢቆም፣ ለኪራይና ለመጓጓዣ የወጣውን ደጋሹ ይከፍላል» ይላል።

ድምፄን ሳላወጣ ወረቀቱን ይዤ ተነሣሁ። ሰውመሆንን ወደ ጓዳ ጠራሁት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ለጥንቃቄ ነው እምዬ። አምና ሐሙሲት ላይ ጓደኛዬን ደርሶበታል።»

«የሙሽራ ወረቀት ላይ ለቅሶ ይጻፋል? ሟርት ነው።»

«ሟርት አይደለም፣ ውል ነው።»

«ነገ አንድ ነገር ቢደርስ ሰው ምን ይላል? የገላነሽ የልጅ ልጅ ቀድሞ ጽፎባቸው ነበር አይልም?»

እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ አወጣሁና መስመሩን ሁለት ጊዜ ሰረዝኩት። ሌላው ቅጂ ላይም እንዲሁ አደረግሁ። ተመልሼ ለገበያው ከሦስተኛው ወደ አምስተኛው ዘልዬ አነበብኩለት። እሱ በጣቱ ፈረመ። እኔ ለምስክርነት ስሜን በእጄ ጻፍኩ። በውል ወረቀት ላይ ስሜን ስጽፍ ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ ሳየው ቆየሁ።

የሠርጉ ዕለት ሰውመሆን ገና በጠዋት ስፒከሮቹን ዳሱ ግራና ቀኝ አቁሞ ማጫወት ጀመረ። እኔም ተጠርቼ ስለነበር ከሴቶቹ ጋር ተቀምጫለሁ። ከገበያው ግቢ በአንድ አጥር የሚለይ ያየህ የሚባል ሽማግሌ ጎረቤት ነበር። ከኅዳር ጀምሮ ታሞ የቆየ ሰው ነው። ለካ ጎሕ ሲቀድ ዐርፏል። ቤተሰቡ የጎረቤት ሠርግ አናበላሽም ብለው፣ በራቸውን ዘግተው፣ ለቅሷቸውን ውጠው ተቀምጠዋል። እስኪመሽ ድረስ ሊደብቁት ነበር። ይፋግ ላለችው ልጁ ለይታይሽ ግን ሰው በስልክ ነግሯታል።

ቀትር ላይ ጨዋታው ደርቷል። ሙሽራውን እየጠበቅን ነው። ሩዝ በታጨደበት ሜዳ ላይ አንዲት ሴት ሁለት እጇን ወደ ሰማይ እያነሣች፣ እየዘለለች ስትመጣ አየን። አፏ ሲከፈት ይታያል፤ ከስፒከሩ በቀር ግን የሚሰማ ነገር የለም።

«ይቺስ ከሩቅ ጀመረችው» አለች አጠገቤ የነበረች ሴት እየሳቀች። «ጠላው ቤቷ ድረስ ሸቷታል።»

እየጨፈረች የመጣች እንግዳ መስላቸው ሴቶቹ እልል እያሉ ሊቀበሏት ወጡ። አንዷ ፊት ለፊቷ ቆማ እስክስታ ጀመረችላት። እኔም ለመነሣት ጉልበቴን ደግፌ ነበር። ስትቀርብ አየኋት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች፤ ያ ለጭፈራም ይታሰራል። ጉንጯን ግን ነጭታዋለች። ለጭፈራ ጉንጩን የሚነጭ የለም።

ወደ ሰውመሆን ዞሬ እጄን ወደ መሬት ጫን ጫን አደረግሁ፣ አጥፋው ማለቴ ነው። ዐይኔን አየና ማንንም ሳይጠይቅ አጠፋው።

ያኔ ጩኸቷ ተሰማ። «አባዬ» ነበር የምትለው። እስክስታ የጀመረችው ሴት ትከሻዋን እንዳነሣች ቀረች። ከርቀት የጀነሬተሩ ድምፅ ብቻ ያጓራል።

ከዚያ በኋላ ከበሮም አልተመታም። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ በዝምታ ገባ፣ ተበላ፣ ተጠጣ፣ አምሳልን ይዞ በዝምታ ወጣ። ልጅቱ ከአባቷ ቤት ስትወጣ አንድ ዘፈን እንኳ አልተዘፈነላትም። ሰውመሆን ዕቃውን ጭኖ መሄድ ይችል ነበር። አልሄደም። ገመዱን በአጥሩ ላይ አሳልፎ ለለቅሶው ቤት መብራት ዘረጋ፤ ጀነሬተሩ እስኪነጋ የነደደው በራሱ ቤንዚን ነው። በማግስቱ ያየህ ሲቀበር ቃሬዛውን ከያዙት አንዱ እሱ ነበር።

ሳልስቱ ካለፈ በኋላ ቀሪውን አሥራ ስድስት ሺህ ልንጠይቅ ሄድን።

«የምን ቀሪ?» አለ ገበያው። «ሙሽራው ሲገባ ዘፈን ነበር? እንግዳዬ ጨፍሯል?»

«አያ ገበያው፣ ከጠዋት እስከ ቀትር ተጫውቷል እኮ» አለ ሰውመሆን።

«ጠዋት ማን ሰማው? ወጥ የሚያማስሉት ሴቶች። ለእነሱ ሃያ ስድስት ሺህ ከፍዬ ዘፈን ላሰማ?»

«ዕቃው መጥቷል። ለሁሉም ኪራይ ይከፈላል።»

«መጥቷልማ፣ ቆሞ አየሁት። የተዋዋልኩት ለሚጮህ ነው እንጂ ለሚቆም አይደለም። ደግሞስ አጥፋ ያልኩህ እኔ ነኝ? ማን አጥፋ አለህ?»

ሰውመሆን መሬት መሬቱን አየ። ስሜን አልጠራም።

«እኔ ነኝ ያልኩት» አልኩ።

«እንግዲያው ከእርስዎ ይቀበላ፣ እትዬ ገላነሽ።»

በሽማግሌ ይታይ ተባለና ቄስ ተክለ ሃይማኖት ከሁለት ሰዎች ጋር ተቀመጡ። ገበያው ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ከኪሱ አወጣ። ቄሱ ሲያነቡ ጣታቸው የኔ ጣት የቆመበት ቦታ ላይ ቆመ። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት።

«እዚህ ላይ ስለ ለቅሶ የተጻፈ ነበር። ማነው የሰረዘው?»

«እኔ አላውቅም። ሲሰጡኝም ተሰርዞ ነበር» አለ ገበያው። እውነቱን ነው።

«እኔ ነኝ አባ» አልኩ።

«ምነው?»

«ሟርት መስሎኝ።»

ወረቀቱን አጥፈው ለገበያው መለሱለት። «እኔም ብሆን ሳልሰርዘው አልቀርም ነበር» አሉ በመጨረሻ። ቀጥለው ፈረዱ። የተሰረዘው እንዳልተጻፈ ይቆጠራል፤ ገበያው አይጨምር፣ ሰውመሆንም ቀብዱን አይመልስ። ሁለቱ ተሳሳሙ። ለሽማግሌዎቹ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

ለኛ አላለቀም። አሥር ሺው ቀብድ በመኪናው፣ በጀነሬተሩና በቤንዚኑ ሄዷል። የስፒከሩ ባለቤት ደግሞ «ይጩህ፣ አይጩህ የኔ ጉዳይ አይደለም፤ ስፒከሬ ከቤቴ ወጥቶ አድሯል» አለው። እሱም እውነቱን ነው። ሰውመሆን የስፒከሩን አሥር ሺህ የሚከፍልበት ስለሌለው ሚክሰሩን መያዣ ትቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። በጥርና በየካቲት ሦስት ሠርግ አመለጠው። አሁን ሁዳዴ ነው፤ እሱ ከሩዝ መፈልፈያው ጆንያ ይሸከማል። ለዳግማዊ ትንሣኤ አንድ ሠርግ ተቀብሏል። ሚክሰሩ እስከዚያ ካልወጣ ሠርጉም ለሌላ ዲጄ ይሰጣል፤ የማስወጫው ገንዘብ ደግሞ ገና ግማሹም አልሞላም።

ገበያውን ብናደድበት፣ እሱም የልጁ ሠርግ እንዳሰበው አልሆነለትም። የስፒከሩን ሰው ብረግመው፣ ዕቃው የራሱ ነው። እየተነሣሁ እቀመጣለሁ፤ ንዴቴ መሄጃ አጥቶ ወደ ራሴ ይመለሳል። ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ሰውመሆን ነው። ማታ ትከሻው ተልጦ ሲገባ፣ ቅቤ ስቀባው፣ አንድ ቀን እንኳ «ነግሬሽ ነበር» አላለኝም። ቢለኝ ይቀለኝ ነበር።

ባለፈው እሑድ አዲስ ውል ጽፎ አመጣና «አንብቢልኝ» አለኝ። ማንበብ አቅቶት አይደለም። መነጽሬን አድርጌ ከአንደኛው ጀመርኩ። አራተኛው መስመር በቦታው ተጽፏል። እሱንም እንደ ሌሎቹ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ምንም የደረሰብን ነገር የለም።

እናንተም ልጅ ስትድሩ፣ ከወረታም ይሁን ከሌላ፣ የምትዋዋሉት ዲጄ እንዲህ ያለ ወረቀት ያመጣላችኋል። ለቅሶ የሚለውን ቃል ስታዩ ትደነግጡ ይሆናል፤ እኔም ደንግጫለሁ። ቤታችሁ ውስጥ ፊደል የማያውቅ ካለ እሱም እንዲሰማው ያችን መስመር ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቧት። ከዚያ እባካችሁ እስክሪብቶውን ለመፈረሚያ ብቻ አንሡት።