ገል ለቃሚዋ የሠራችው ጋን

የሰፈሩ ሰው «ገል ለቃሚዋ» ነበር የሚላት። ለውሃ ቧንቧ ቦይ ሲቆፈር የወጣውን የድሮ ጋን ስብርባሪ በቀሚሷ ቋጥራ ቤቷ ስታስገባ ያየ ሁሉ ስቆባታል። እሷ ግን በጡብ ፋብሪካ ጭቃ ስታቦካ ሃያ ዓመት የኖረች ሴት ናት። ገሉን ገልብጣ ውስጡን ብትዳስስ የአውራ ጣት ዱካ አገኘች፤ ዱካው አንገቱ ጋ ሲደርስ አቅጣጫውን ይለውጣል። «ለካ አንገቱ ለብቻው ተሠርቶ ነው የሚቀጠለው» አለች ለራሷ።

ያንን ጋን የሠሩት፣ የሰፈሩ የመጨረሻዋ ጋን ሠሪ ሴትዮ ከሞቱ ቆይተዋል። ገበያ ውስጥ ሳህን የምትሸጠውን ልጃቸውን ሄዳ ብትጠይቃት፣ «እህቴ፣ ይሄ ሙያ ከእናት ይወረሳል እንጂ ከመንገድ አይለቀምም» አለቻት።

ነገሩ አንገበገባት። ጓሮዋ ገብታ ጋን መሥራት ጀመረች። የመጀመሪያው ጋን ሳይደርቅ ተደረመሰ። ሁለተኛው እሳት ላይ ፈነዳ፤ ከዚያ በኋላ ያሉትም አልተሳኩላትም። ጎረቤት፣ ልብስ ሰፊ የሆነውን ባሏን «ሚስትህን ምን ነካት?» ሲለው፣ ቁመቱ ከትከሻዋ የማያልፈው ሰውዬ፣ «ጋን በጠጠር ይደገፋል ሲባል አልሰማህም? ጠጠሩ እኔ ነኝ» ብሎ ማገዶውን መፍለጥ ይቀጥላል።

ስብርባሪ ፈጭታ ከጭቃው ጋር አቡክታ የሠራችው ዘጠነኛው ጋን ከእሳት በደህና ወጣ። በጣቷ ስትመታው እንደ ደወል ጮኸ። ባሏ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ የጋኑን ሆድ ለካና፣ «ለዚችስ ቀሚስ ልስፋ ብል ጨርቄ አይበቃኝም» አለ።

በጋሪ ገበያ ሲያደርሱት ሳህን ሻጯ ሥራዋን ጥላ መጣች።

«የእናቴን ጋን ከየት አገኛችሁት?»

«የኔ ነው።»

«የእናቴን የእጅ ሥራ አጣዋለሁ?»

ገል ለቃሚዋ የሻጯን እጅ ይዛ በጋኑ አፍ አስገባች። «እስቲ አንገቱ ሥር ዳሰሽ። የእናትሽ ዱካ ላይ የጥፍር ጭረት አለ፤ እዚህ ግን የለም። እኔ አውራ ጣቴን ጡብ ጨፍልቆት ጥፍር የለኝም።»

ሻጯ ብዙ ዳሰሰች። እጇን ስታወጣ ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር።

«ማን አስተማረሽ?»

«እናትሽ ናቸው። ስብርባሪያቸውን እየዳሰስኩ ነው የተማርኩት።»

ሻጯ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያም ሳህኖቿን ወደ ጎን ገፍታ ጋኑን ፊት ለፊት አስቀመጠችው። «አንገቱስ ከእናቴም ይቀናል» አለች።

አንድ ገዢ ቆመና «የማን ሥራ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ባልየው አፉን ሲከፍት ሚስቱ በክርኗ ጎሰም አደረገችው።

«እኔ ነኝ የሠራሁት» አለች፣ ቀና ብላ።