ቅቤ የተቀባች ዋናተኛ

በዚያ ቀን ገንዳው ዳር የነበርነው እኔ፣ ሁለቱ ሴት ልጆቼ፣ ከመካነ ሰላም ይዞን የመጣው የስፖርት መምህር፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው ዳኛ፣ ከወረኢሉ የመጣች አንዲት እናትና የእሷ ልጅ ነን። ሌላም ብዙ ሰው ነበር፤ በዓይኔ ላይ የቀሩት ግን እነዚህ ናቸው። ባለቤቴ ሱቁን ማን ይጠብቃል ብሎ ቀርቷል።

ትልቋ ልጄ ያኔ ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። በሃምሳ ሜትር ነፃ ቀዘፋ አንደኛና ሁለተኛ የሚወጡት ሴቶች የዋና ማሠልጠኛ በአዳሪነት ይገባሉ፣ የቀሩት ወደየቤታቸው ይመለሳሉ ተብሏል። ልጄ ሁለት ዓመት ሙሉ የለፋችው ለዚህ ነበር።

እኔ ዋና አልችልም። ትምህርቴንም ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ስለ ውኃ የማውቀው ሰው እንደሚወስድ ብቻ ነበር። ልጆቼ ዋና የለመዱት ከከተማችን በታች፣ ወንዙ ሰፋ ብሎ በሚተኛበት ቦታ ነው። የመጀመሪያውን ወር ትልቋን ወገቧ ላይ የጭነት ገመድ አስሬ፣ ጫፉን እጄ ላይ ጠምጥሜ ድንጋይ ላይ እቀመጥ ነበር።

መምህሩ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። “እትዬ፣ የያዙት ዋናተኛ ነው ወይስ ጥጃ?”

“ጥጃ ቢሆን ኖሮ መች እንዲህ ያስጨንቀኝ ነበር!” አልኩት።

አንድ ቀን ገመዱ እጄ ላይ ቀለለኝ። ስስበው ባዶውን መጣ። ጮኬ ብድግ ስል ልጄ ማዶ ዳር ቁጭ ብላ እጇን ታውለበልብልኛለች። ውኃ ውስጥ ሆና ፈታዋለች። ተቆጣኋት፤ አለቀስኩም። ከዚያ በኋላ ገመዱን ይዤ መሄድ ተውኩ፤ በፈንታው ሻይ በፔርሙዝ እይዝ ጀመር። ያንን ዳገት ሦስታችን ስንወጣ አሁንም ይታየኛል። ነፋሱ ይጋረፋል፣ የሁለቱም ጥርስ ይንገጫገጫል፣ ታናሿ ግን ወሬዋን አታቆምም። ያኔ መቼ ባደጉና በተገላገልኩ እል ነበር። ዛሬ ያንን ዳገት ብቻዬን ስወጣው ይረዝምብኛል።

ውድድሩ ኮምቦልቻ ነበር። ከደሴ ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ ፊታችንን መታን፤ እኔም ምች ይመታቸዋል ብዬ ፈራሁ። በመጀመሪያው ቀን ታናሿ ዋኝታ መጨረሻ ወጣች፤ ምንም ሳይመስላት ሙዝ በላች። ከወረኢሏ ሴት ጋር የተዋወቅነውም ያን ዕለት ነው። እኔ “በሥላሴ” እያልኩ፣ እሷ “በነቢ” እያለች፣ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን አብረን ስንፈራ ዋልን።

“የኔዋን የምትፎካከራት ያንቺዋ ናት አሉ” አለችኝ።

“እኔንም እንደዚያው ብለውኛል።”

“እንግዲያ ዛሬ እንጫወት፣ ነገ እንጣላለን” ብላ ሳቀች።

በማግስቱ ማለዳ፣ ካደርንበት ሳንወጣ፣ ከቤት በትንሽ ቆርቆሮ ይዤው የመጣሁትን ለጋ ቅቤ አወጣሁ። መንገድ ለሚሄድ ልጅ፣ ፀሐይና ብርድ ለሚፈራረቅበት ልጅ፣ እናት አናቱን ትቀባለች። እኛ ዘንድ ይህ የሚጠየቅ ነገር አይደለም። ታናሿ እምቢ ብላ ሮጠች። ትልቋ ተቀመጠችልኝና አናቷን አጥግቤ ቀባሁት።

ተራዋ ሲደርስ የዋና ቆቧን አጠለቀች፤ ቆቡ ሙልጭ ብሎ ወጣ። እንደገና ብትጎትተው ተቀደደ። ዳኛው ቀርቦ ራሷን በጣቱ ነካና ጣቱን አየው።

“ልጅቱን ያመጣችኋት ለዋና ነው ወይስ ለሠርግ? ይህ ራስ ገንዳ ውስጥ አይገባም።”

መምህሩ ለመነው። ዳኛው ሰዓቱን አየ። “ሁለት ዙር ወንዶች ይዋኛሉ። እስከዚያ ታጥባ ከመጣች መጣች፤ ካልመጣች ትሰረዛለች።”

ወደ ቧንቧው ይዣት ሮጥኩ። ውኃው ቀዝቃዛ ነው፤ ቅቤው ጭራሽ ረጋ። ሳሙናው ከእጄ እየሾለከ ይወድቃል። ልጄ እንዳጎነበሰች በቀስታ፣ “እማ፣ እንዳልሄድብሽ ብለሽ ነው?” አለችኝ።

ራሷን ይበልጥ ጫን ብዬ ማሸት ያዝኩ።

በዚህ መሀል የወረኢሏ ሴት ፔርሙዟን ይዛ መጣች። ለልጇ ብላ ያፈላችው ሙቅ ውኃ ነው። “ዞር በይልኝ፣ አንቺ እጅሽ አልታዘዘልሽም” ብላኝ ውኃውን ከቀዝቃዛው እያደባለቀች በሳሙና ታሽላት ጀመር። ልጄን ደግሞ፣ “አንቺም ዝም በይ! እናትሽ ምች እንዳይመታሽ ብላ ነው። ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ሳሙና ይገባል” አለቻት። ሦስቴ አጠበቻት። በነጠላዋ አደረቀቻትና የልጇን ትርፍ ቆብ አጠለቀችላት። ሁለተኛው ዙር ወንዶች ገና ከውኃ ሲወጡ ደረስን።

ሩጫ ቢሆን ዓይኔን አልነቅልም ነበር፤ ውኃ ስለሆነ ግን መሬት መሬት አየሁ። ታናሿ ክንዴን ይዛ ስትዘል ነው ቀና ያልኩት። ልጄ ሁለተኛ ወጣች። በአንድ መዳፍ ያህል ተበልጣ ሦስተኛ የወጣችው የወረኢሏ ሴት ልጅ ናት።

ያቺ ሴት ልጇን በፎጣ ጠቅልላ አቅፋ ቆየች። ልጅቱ ታለቅሳለች። ከዚያ ወደ እኛ መጣችና የልጄን እርጥብ ራስ ሳመችው።

“ወላሂ አሁንም ቅቤ ቅቤ ትላለች” ብላ ሳቀች። ዓይኗ ግን ቀልቷል።

ስሟን ልጠይቃት፣ ቆቡን ልመልስላት፣ ይቅር በይኝ ልላት ፈለግሁ። ቆቡን በእጄ እያገላበጥኩ ቆምኩ። እሷ ናት፣ “አብሽሪ እህቴ፣ ኢንሻአላህ ለከርሞ እንገናኛለን” ያለችኝ። አውቶቡሳቸው ቀድሞ ሄደ። ለከርሞ ውድድር አልነበረም፤ ከዚያም በኋላ መንገዱ እየተዘጋ እየተከፈተ ዓመታት አለፉ።

ትልቋ ማሠልጠኛ ገባች። አሁን ርቃ፣ ትልቅ ከተማ ውስጥ ልጆች ዋና ታስተምራለች። ገንዳ ዳር ቆማ የምትንቀጠቀጥ እናት ባየች ቁጥር ትደውልልኛለች። በቅርቡ እየሳቀች ያንኑ ጥያቄ ደገመችው፤ “እማ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ሆን ብለሽ ነበር?”

“ስቀባሽ ያሰብኩት ምቹን ብቻ ነው” አልኳት። “ዳኛው አትገባም ሲል ግን፣ ለአንድ አፍታ፣ ደስ አለኝ።”

  እሷም፣ “ያቺ ሴትስ እማ? ልጇስ ምን ሆነች?” አለችኝ።

አላውቅም። ቆቡ እስካሁን ቁም ሣጥኔ ውስጥ ነው፤ ሰማያዊ ነው። ሴትየዋ ጠይም፣ ረዘም ያለች፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ የምትሸፍን ናት። ልጇ ያኔ ከልጄ ጋር እኩያ ነበረች። ከወረኢሉ የሆናችሁ፣ ወይም ወደዚያ የምትሄዱ፣ እናትና ልጅ ደህና መሆናቸውን፣ ልጅቱም መዋኘቷን ቀጥላ እንደሆነ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።